ዘፈን ሲገለበጥ

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከሾፌሩ ስልክ አንዲት ወጣት ድምፃዊት የምትዘፍነው የድሮ ዘፈን ይሰማል። ልጅ ሳለሁ ካሴቱ ያልገባበት ቤት የለም የሚባልለት፣ በወንድ ድምፅ የምናውቀው የፍቅር ዘፈን ነው። ጋቢና የተቀመጡት አባት ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ወደ ሾፌሩ ዞረው «ይቺ ልጅ ዘፈኑን ገለበጠችው» አሉ። «አዎ ፋዘር፣ ከቨር ነው» አላቸው። «እሱን አይደለም፤ ገለበጠችው ነው የምልህ» አሉና መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ መልሰው ወደ ታች አዞሩት።

ቃሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። በእኛ ቋንቋ ደብዳቤ ይገለበጣል፤ ግልባጩ ከዋናው ጋር አንድ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ቂጣም ይገለበጣል፤ ከሥር ሲበስል የቆየው፣ ማንም ያላየው ጎን ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ መገልበጥ ያለውን እንዳለ ያባዛል፣ ሌላው የተደበቀውን ያሳያል። ስለ ከቨር፣ ማለትም የሌላን ሰው ዘፈን መልሶ ስለ መዝፈን፣ ስንከራከር ሁለቱን አደባልቀን የምንከራከር ይመስለኛል። ከቨሩን ከኦሪጅናሉ ጋር ስናወዳድር የምንይዘው ሚዛንም ብዙ ጊዜ የደብዳቤው ሚዛን ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዩቲዩብና ቲክቶክ በከቨር ተሞልተዋል። የሠርግ ባንዶች፣ የምሽት ክበብ ድምፃውያን፣ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚዘፍኑት የሰው ዘፈን ነው። ከአድማጭ የሚመጣው ፍርድ ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ልክ ጥላሁንን!» ወይም «የጥላሁንን ዘፈን አበላሸው»። አንደኛው ምስጋና ሁለተኛው ወቀሳ ይምሰል እንጂ ሁለቱም የሚለኩት አንድ ነገር ነው፤ ዘፋኙ ከሸክላው ወይም ከካሴቱ ምን ያህል እንደራቀ።

ይህ ሚዛን ድሮ ምክንያት ነበረው። ሸክላ ማጫወቻ በጥቂት ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በሬዲዮ አንዴ ያለፈን ዘፈን ዳግመኛ ለመስማት አንዱ መንገድ ያንኑ የሚጫወት ባንድ ፊት መቀመጥ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች ሲዘፍን አዲስ አበባ ላይ የታየው ነገር አሜሪካ ሳይሄዱ የሚታይ ኤልቪስ ነበር። እሱም በዚያ ትምህርት ቤት አልፎ ነው የራሱን ድምፅ ያገኘው። ዛሬ ግን ኦሪጅናሉ ከከቨሩ አጠገብ፣ አንድ ጣት ርቀት ላይ ተቀምጧል። ቁርጥ ጥላሁንን የሚፈልግ ሰው ጥላሁንን ራሱን ያገኛል። ለከቨር የቀረለት ሥራ ሁለተኛው መገልበጥ ነው።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ይዤ ማዳመጥ ጀመርኩ። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው? ተናጋሪው ሲቀየር ነገሩስ ምን ሆነ?

በዚህ ጥያቄ ሲታይ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው «ሪስፔክት» («ክብር») የተሰኘው የአሜሪካ ዘፈን ይመስለኛል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ደርሶ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በእሱ ድምፅ የሚናገረው ከሥራ የሚገባ ባል ነው። የፈለግሽውን ውሰጂ፣ ገንዘቤም ያንቺ ነው፣ እኔ በሌለሁበት ብታጠፊም እንኳ ችላ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ብቻ አክብሪኝ ይላል። ዘፈኑ ፈጣን ነው፣ ነሐስ መሣሪያዎቹ ይገፉታል፤ ሰውየው ግን ውስጡ የሚለምን ሰው ነው። አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ስትቀዳው ከቃላቱ ብዙ አልለወጠችም። አንዲት ስንኝ ግን አዞረች፦ አንተ በሌለህበት እኔ አልበድልህም አለች። ኦቲስ ጥፋትን አስቀድሞ ይቅር ሲል፣ እሷ ጥፋት የለብኝም ብላ ተነሳች። ገንዘቡንም የምትሰጠው እሷ ናት። የማትበድል፣ የራሷ ገንዘብ ያላት ሴት ክብር ስትጠይቅ ልመና አይሆንም፤ ያበደረችውን እየጠየቀች ነው።

ከዚያ በኋላ የጨመረችው ሁሉ ከዚህች አንዲት ለውጥ የተወለደ ነው። ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረች የምትጠራበት፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ክፍል በኦቲስ ቅጂ ውስጥ የለም። ሰው አንድን ቃል ፊደል እየቆጠረ የሚናገረው መቼ ነው? አድማጩ አልገባኝም ሲል፣ ወይም እንዳልገባው ሲያስመስል ነው። ከኋላዋ የሚቀበሏት እህቶቿ ካሮሊንና ኧርማ ናቸው፤ አንድ ባል ብቻውን ይለምንበት የነበረው ቤት አሁን በሴቶች ድምፅ ተሞልቷል። የኦቲስ ቅጂ መሸጋገሪያ ክፍል አልነበረውም፤ በአሬታ ቅጂ ኪንግ ከርቲስ በሳክስፎን የሚገባበት ክፍል ተፈጠረለት። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ኦቲስ ራሱ በ1967 ክረምት በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲጫወተው፣ አንዲት ልጅ የወሰደችብኝ ዘፈን ነው ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 26 ነበር።

እዚህ ላይ የኦቲስ ቅጂ አነሰ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሁለቱን በተከታታይ ስሰማ የሚገርመኝ አሬታ ያወጣችው ጎን ከመጀመሪያውም ከሥር የነበረ መሆኑ ነው። ባልየው ያንን ሁሉ ክብር የሚጠይቃት ሴት እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች፤ በኦቲስ ዘፈን ውስጥ ግን አልተናገረችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተናገረች።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ትሬሲ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው «ፋስት ካር» («ፈጣን መኪና») የአንዲት ድሃ ወጣት ታሪክ ነው። አባቷ ጠጪ ነው፣ እናቷ ጥላው ሄዳለች፣ እሷ እሱን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣለች። ፈጣን መኪና ያለውን ሰው ይዘኸኝ ሂድ ትላለች፤ በመጨረሻ ሰውየውም እንደ አባቷ መጠጥ ቤት ሲያመሽ፣ ወይ ሂድ ወይ እንዲሁ ኖረህ ሙት የምትለው እሷ ናት። በ2023 የካንትሪው (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃው) ዘፋኝ ሉክ ኮምብስ፣ ነጭ ወንድ፣ ይህን ዘፈን ምንም ያህል ሳይነካ ዘፈነው። ገበያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሴት ሆኜ እሠራለሁ የምትለዋን ስንኝ እንኳ ወደ ወንድ አልቀየራትም። በእኔ ሚዛን ይህ የደብዳቤው መገልበጥ መባል ነበረበት። ግን አይደለም። አንድ ትልቅ ወንድ «እኔ ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ» ሲል፣ ታሪኩ የእኔ አይደለም፣ የእሷን ነው የምነግራችሁ እያለ ነው። የራሱን ቦታ ለቅቆ ተራኪ ሆነ። ቅጂው በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ የቻፕማን የራሷ በጊዜው የደረሰው ስድስተኛ ነበር። በኅዳር 2023 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ምርጥ የዘፈን ድርሰት ሽልማት ለደራሲዋ ለቻፕማን ሰጠ፤ ዘፈኑ ከወጣ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በየካቲት 2024 በግራሚ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ሁለቱ አብረው ሲዘፍኑት፣ ኮምብስ በዓይኑ እሷን እየተከተለ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ያየ ሰው ከቨር ምን እንደሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ዘፈን በአማርኛ ልመልሰው ብዬ አንድ ማታ ተቀምጬ ነበር። ከመጀመሪያዋ ስንኝ ማለፍ አቃተኝ። እንግሊዝኛው የሚነገረውን ሰው ጾታ አይገልጽም፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን «መኪና አለህ» ወይም «መኪና አለሽ» ሳልል አፌን መክፈት አልችልም። የእኛ ዘፋኞች የሰው ዘፈን ሲያነሱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚገጥማቸው ይህ ነው፤ ስለ ከቨር ስናወራ ግን ይህን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ራሴ የገጠምኳት ሁለት ስንኝ እነሆ፤ ወንድ ለሴት ይላታል፦

ቡናው ቀዘቀዘ ሳትገቢ ሳትጠጪ፣
በር በሩን ሳይ ዋልኩኝ አንቺ ግን አትመጪ።

ሴት ስትዘፍነው እንዲህ ይሆናል፦

ቡናው ቀዘቀዘ ሳትገባ ሳትጠጣ፣
በር በሩን ሳይ ዋልኩኝ አንተ ግን አትመጣ።

ልኩ አልተዛነፈም፤ ስድስት በስድስት እንደነበረ አለ። ቤቱም ይመታል። ነገር ግን ስንኙን ጮክ ብላችሁ አዚሙት፣ መጨረሻዋን ፊደል አስረዝሙ። «ጪ» ላይ አፍ ይጠባል፣ ድምፁ ጥርስ መሐል ይቀራል። «ጣ» ላይ አፍ ይከፈታል፣ ድምፁ ሜዳ ይወጣል። አቀናባሪው ለወንዱ ብሎ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ረጅም ኖታ ለጠባብ አፍ የተሰፋ ነው፤ ሴቷ በዚያው ቦታ ሰፊ አናባቢ ይዛ ስትደርስ ያው ዜማ ጩኸት ይሆንባታል፣ ወይም ዕድል ይሆንላታል። «ወደድኩሽ»ን ሹክ እያሉ ማስረዘም ይቻላል፤ «ወደድኩህ» ግን ትንፋሽ ሆኖ ይጠፋል። በሴትና በወንድ መካከል የሚያልፍ የአማርኛ ከቨር ቃሉን ብቻ ለውጦ ዜማውን እንዳለ ከተወ፣ የሆነ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የዋናውን ዘፋኝ እስትንፋስ ተከትለው የሚሄዱ ወጣቶች አንዳንድ ቦታ ላይ ለምን እንደሚያነክሱ የገባኝ ይህን ከሞከርኩ በኋላ ነው።

ትርጉሙም አብሮ ይዞራል። ቡና አቅርቦ በር በሩን የሚያይ ወንድ በአገራችን ያልተለመደ ነው፤ አድማጭ ያዝንለታል። ሴት ስትለው ደግሞ ብዙ ቤት በየቀኑ ያለ ነገር ነው፤ አድማጭ እናቱን ያስታውሳል።

አባቶቻችን ይህን ችግር አስቀድመው ፈትተውት ነበር ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ሁላችንም የምናውቃት የትዝታ ስንኝ ናት። ወንዱ «ትዝታዬ አንቺ ነሽ ትዝታም የለብኝ፣ እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ» ይላል። ሴቷ «ትዝታዬ አንተ ነህ ትዝታም የለብኝ፣ እመጣለሁ እያልክ እየቀረህብኝ» ትላለች። ቤት የሚመታው የት ላይ እንደሆነ ተመልከቱ፤ «ብኝ» ላይ ነው። በደል የደረሰበት ተናጋሪው ላይ እንጂ በዳዩ ላይ አይደለም። በዳዩ ወንድም ይሁን ሴት ስንኙ መሐል ላይ ይቀያየራል፣ ረጅሙ ኖታ ግን ሁልጊዜ የተናጋሪው ነው። ስንኟ ከአፍ ወደ አፍ እንድትተላለፍ ተደርጋ ተሠርታለች።

ትዝታ ኦሪጅናል የለውምና። ትዝታ የዘፈን ስም ነው፣ የቅኝት ስም ነው፣ እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉ። የትኛው ነው ዋናው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም። ካሳ ተሰማ በክራር እንደ አዛውንት ጨዋታ ያወርደዋል። ማሕሙድ አሕመድ ጉሮሮውን እያርገበገበ ያስረዝመዋል። በዛወርቅ አስፋው ስታንጎራጉረው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሥራውን ያቆማል። አስቴር አወቀም የራሷ አላት። ጌታቸው ካሳ ደግሞ ያንኑ ትዝታ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት ተጫውቶ ሁለቱንም አስቀዳ፤ አንድ ሰው ራሱን ከራሱ ጋር አወዳደረ። ሙላቱ አስታጥቄ ቃሉን አውጥቶ በመሣሪያ ብቻ አስቀረው። አንዳቸውንም የሌላው ከቨር ነው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። የምናወዳድራቸው በማን ቀደመ አይደለም፤ ማን የት ላይ አስለቀሰን በሚል ነው።

ታዲያ ዘፈን ዋና እና ግልባጭ ያለው ነገር የሆነው መቼ ነው? በአብዛኛው ከሸክላ ጋር ነው። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበር የያዘውን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ምሽቶች ዳግም ሊሰሙ በሚችሉ ሦስትና አራት ደቂቃዎች ውስጥ ገቡ። ለዚህ ውለታ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ያ ባይሆን ዛሬ የምናወዳድረው ነገር አይኖረንም ነበር። ነገር ግን አንድ ምሽት የተዘፈነ አንድ ዓይነት አዘፋፈን ሕግ ሆነ። ያ ዘፋኝ ራሱ በማግስቱ ሌላ አድርጎ ይዘፍነው እንደነበር ረሳነው።

ያልረሱ ግን ነበሩ። ጌታቸው መኩሪያ የሰው ጉሮሮ የሚያወርደውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ተጫወተው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ሲሠራው ደግሞ ከፓንክ ጊታር ጋር አጋጨው፣ ሽለላነቱም አልጠፋም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ሸሞንሟናዬንና አምባሰልን የመሳሰሉ ጥንታዊ ዜማዎችን ብቻውን ቀዳ። ካሴቱ ከ28 ዓመት በኋላ በ2013 በውጭ ዳግም ሲታተም፣ እሱ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ያን ቅጂ ስሰማ ቃሉን በልቤ እሞላዋለሁ። ዜማው እኔን ተናጋሪ ያደርገኛል።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ፣ ወደ ባለቤትነቱ። ዘፋኝና ደራሲ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን አሜሪካኖች በገንዘብ ነው የተማሩት። በዚያ አገር መደበኛ ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለደራሲው ነው፣ ለዘፋኙ አይደለም። አሬታ «ሪስፔክት»ን የሚያህል ዘፈን አድርጋው፣ ከሬዲዮ የሚመጣው ገንዘብ የሚሄደው ወደ ኦቲስ ወገን ነበር። ዶሊ ፓርተን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ን ደርሳ በ1974 ካወጣች በኋላ የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ ኤልቪስ እንዲዘፍነው ከፈለግሽ የድርሰቱን መብት ግማሽ ስጪን አላት። እያለቀሰች እምቢ አለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያለ ምንም መሣሪያ በባዶ ድምፅ ጀምራ ስትዘፍነው 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ድርሰቱም ሙሉ በሙሉ የዶሊ ነበር።

የእኛም ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥምና ዜማ ለደረሰው ሰው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ማባዛት ብቻ ሳይሆን ማቀናበርና መለወጥም በእሱ ፈቃድ ነው፤ ስሙ የመጠራት መብትም አለው። በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በእኛ ታሪክ ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው፤ ምክንያቱም የወርቃማው ዘመን ዘፈኖቻችን አብዛኞቹ የዘፋኙ ድርሰት አይደሉም። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ ግጥም የሚጽፍ ሌላ፣ ዜማ የሚያወጣ ሌላ፣ የሚያቀናብር ሌላ ነበር። ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም፤ ለጥላሁን ዜማ ያወጣለትን ሣህሌ ደጋጎን ግን ስንት ወጣት ያውቀዋል? «የጥላሁን ዘፈን ከቨር» ብለን ስንጽፍ ሁለተኛውን ሰው እንደገና እንቀብረዋለን።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ድምፅም እዚህ ላይ ይመጣል። በሚያዝያ 2023 የድሬክንና የወገናችንን ልጅ የአቤል ተስፋዬን (ዘ ዊክንድን) ድምፅ ያስመሰለ፣ ሁለቱም ያልዘፈኑት ዘፈን ወጥቶ ሚሊዮኖች ሰሙት፤ ከዚያ ከየመድረኩ እንዲወርድ ተደረገ። ዛሬ የሞተን ዘፋኝ ድምፅ ወስዶ ባልዘፈነው ዘፈን ላይ መለጠፍ የማታ ሥራ ነው። የዚህ ጉዳይ ሕጋዊ ጎን ገና ብዙ ያከራክራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ነው። ድምፁ ፍጹም ይመስላል፣ የሚናገር ሰው ግን የለበትም። ልክ እንደ እሱ የሚለው ሚዛናችን የመጨረሻ አሸናፊው ይህ ነው፤ ስንፈልገው የኖርነው ግልባጭ ይህ ከሆነ፣ ወጣቷን ድምፃዊት ስለምን እንፈልጋታለን?

የሚኒባሱን ዘፈን ቤት ገብቼ ፈለግኩት። ልጅቷ ቃሉን ከአንቺ ወደ አንተ ቀይራዋለች፤ አዝማቹ ላይ ሦስተኛውን ኖታ አሳጥራ ትንፋሽ ወስዳለች፤ ዋናው ዘፋኝ የሚያቃስትበት ቦታ ላይ ዝም ትላለች። ዝምታው ነው አባትየውን መዳፋቸውን ያስገለበጣቸው። የዘፈኑን ስም የማልጠቅሰው አሁን በምለው ነገር ልጅቷን ላለማሳጣት ነው። ከቪዲዮው ሥር የካሜራ ባለሙያው ስም አለ፣ ኤዲተሩ አለ፣ ሜካፑን የሠራችው አለች፣ ልብሱ የተገዛበት ሱቅ አለ። ግጥምና ዜማ የለም።

የድሮውን ካሴት እናቴ ቤት፣ ከቡፌው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ሽፋኑ ደብዝዟል፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ የሦስት ሰው ስም ይነበባል። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ፎቶ አንስቼ ለልጅቷ ላክሁላት። መልስ አልጻፈችልኝም። በሁለተኛው ቀን ገብቼ ሳይ ስሞቹ ከካሜራ ባለሙያው በላይ ተቀምጠዋል።